ማንም ያልፎከረለት ጠመንጃ

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ በስሙ ይታወቃል። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ በልጅግ። በሠርግ ድንኳን ሽለላው ሲነሳ፣ በጀግና ለቅሶ ፉከራው ሲደረደር የመሣሪያው ስም ከባለቤቱ ስም እኩል ይጠራል። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የመረጡት፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰው የግራስ ጠመንጃ ነው። ሰናድር ደግሞ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ይዞት የወጣው ነው። ሁሉም ለጦርነት የተሠሩ፣ በአንድ ተኩስ አንድ ጥይት የሚልኩ ናቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ጥይት፣ አንድ ግዳይ፤ ፉከራ የሚወደው ሒሳብ ይህ ነው።

እኔ ዓባይን የተሻገርኩት ግን ማንም ያልፎከረለትን ጠመንጃ ፍለጋ ነበር፤ ባለ ሁለት አፈሙዙን የአደን ጠመንጃ። ይህኛው ምላጩ ሲሳብ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎችን ይበትናል። የቧንቧው ውስጥ ልስልስ ነው፤ ጥይት የሚያሽከረክር ጥምዝ ቦይ የለውም። ከ50 ሜትር ወዲያ ጉልበቱ ስለሚከዳው ለጦር ሜዳ አልሆነም፤ ለጦር ሜዳ ስላልሆነም አዝማሪ አላገኘም። በመኳንንትና በነጋዴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አለዚያም በቡልኮ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተኝቶ ዕድሜውን ገፍቷል። እኔን ደግሞ ከወጣትነቴ ጀምሮ የያዘኝ የዚህ የተረሳው ጠመንጃ ፍቅር ነው። ፍቅሩ ከእንጨቱ ወይም ከብረቱ ጌጥ የመጣ አይደለም። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ በዓይን የማይለይ ጥበት አለች፤ ባለሙያዎች ቾክ ይሏታል። የእኔ ፍቅር እሷ ነች።

ጉዞው በአካባቢው የተነሣው ግጭት በመንገዱ ላይ ሳይመጣ በፊት፣ በኅዳር ወር ነበር። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደው አውቶቡስ በወዲያኛው ግድግዳ ተጠማዝዞ ደጀን ላይ ሲወጣ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደውን ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ጤፍ ነው። የእነማይ ሜዳ በዚያ ወር አጨዳ ላይ ነበር፤ ወንዶች ጎንበስ ብለው በማጭድ ያጭዳሉ፣ ሴቶች ምሳ በአገልግል ተሸክመው ድንበር ለድንበር ይሄዳሉ። በስተግራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል፤ በስተቀኝ ሜዳው ቀስ ብሎ ወደ ዓባይ ገደል ያዘነብላል። ቢቸና በዚህ መካከል ነች። በጣሊያን ወረራ ዘመን በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር፣ ከነሠራዊቱ የተንቀሳቀሰው በዚሁ ምድር ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ቢቀጣም ቢቸና ውስጥ ስሙ ዛሬም በሹክሹክታ አይጠራም፤ ጮክ ተብሎ ነው። ጠመንጃ በዚህ አገር ምን ያህል የቤተሰብ አባል እንደሆነ ለመረዳት ገበያው ዳር አንድ ቡና መጠጣት ይበቃል።

የፈለግሁትን ነገር ያገናኙኝ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «አጎቴ ዘንድ አንድ ዕቃ አለ፤ ግን ለማንም አያሳዩም» ብለው ወሰዱኝ። አጎታቸው ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ከወይራ የተጠረበ ከዘራ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ አዲስ አበባ ዘመዶቼ ጠየቁኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ መምህሩ ጉዳዩን አነሡት።

«መጀመሪያ ወረቀቱን አሳየው» አሉ ሽማግሌው። የልጅ ልጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ የፈቃድ ወረቀት አመጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ እዚህም ቤት ደርሷል።

«አባባ፣ እኔ የመንግሥት ሰው አይደለሁም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። የመንግሥት ሰው ብትሆን ቡና ሳትጠጣ ነበር የምትጠይቀኝ።»

ከዚያ ጠመንጃው መጣ።

ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ቧንቧዎች፤ ከላያቸው ሁለት የሚቆለመሙ ቃታዎች፤ ከሥር ሁለት ምላጮች። ወገቡ ላይ ያለውን መቆለፊያ ገፋ ሲያደርጉት አፈሙዙ ወደታች ይሰበርና ማጉረሻው ይከፈታል። ሰደፉ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ በናስ ሽቦ ተጠፍሯል። ቧንቧዎቹን ወደ መስኮቱ አዙሬ ስመለከት ግን ትንፋሼን ያዝኩ፤ ከሥር እስከ ጫፍ በብረቱ ላይ ደቃቅ የተጠማዘዘ ጥለት ነበር። የደማስቆ ቧንቧ ማለት ይህ ነው። የብረትና የአረብ ብረት ቀጫጭን ዘንጎች አንድ ላይ ተገምደው፣ ግለው፣ በሌላ ዘንግ ዙሪያ ተጠምጥመው ተቀጥቅጠው የሚበየዱበት ሥራ ነው። ጥለቱ በላዩ የተቀባ ጌጥ አይደለም፤ ብረቱ ራሱ የተሠራበት መንገድ ነው። በቤልጅግ፣ በሊዬዥ ከተማ አጠገብ ባለው የቬድር ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩ አንጥረኞች በዚህ ሙያ በዓለም የታወቁ ነበሩ።

ሊዬዥ ነው ብዬ የገመትኩት ከማጉረሻው ሥር የተመታውን ማኅተም ሳይ ተረጋገጠ። ሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎችና አንዲት ኮከብ፤ ከክቡ በላይ ዘውድ። ይህ የሊዬዥ የመሣሪያ መፈተሻ ቤት ምልክት ነው። ዘውዱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ስለሆነ ጠመንጃው ከዚያ አይቀድምም። ከ1922 ጀምሮ ደግሞ መፈተሻ ቤቱ ዓመቱን የሚያመለክት አንድ ፊደል ይመታ ነበር፤ እዚህኛው ላይ ያ ፊደል የለም። እንግዲህ ይህ ጠመንጃ የተወለደው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ እስካሉት ጥቂት ዓመታት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ከሊዬዥ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው የጠመንጃ መንገድ ከዚህም የቆየ ነው። የፈረንሳዩ ገጣሚ አርተር ሬምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ ታጁራ ላይ የመሣሪያ ነጋዴ በሆነ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የንግዱን ሒሳብ ሳያፍር አስረድቷል። ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ 7 ወይም 8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን 40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። እጄ ላይ ያለው ግን እንደዚያ ዓይነት ውዳቂ አይደለም። አንድ ሰው አስቦበት፣ መርጦ የገዛው ነው።

«አባቴ ነው የገዛው» አሉ ሽማግሌው። «በሁለት በሬ። እናቴ አንድ ወር አላነጋገረችውም።»

ከማኅተሞቹ መካከል ልቤን የነካው በግራው ቧንቧ ሥር የነበረው ነው። በፈረንሳይኛ ለድቡልቡል ጥይት እንደማይሆን የሚናገር ጽሑፍ፣ ከጎኑም ሁለት ቁጥሮች፤ 18.4 እና 17.4። በቀኙ ቧንቧ ላይ ግን 18.4 ብቻ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ነገሩን ማብራራት ይገባል። የአደን ጠመንጃ ቧንቧ ከማጉረሻው አልፎ እስከ ጫፉ አንድ ስፋት ሊኖረው ይችላል። ወይም ደግሞ ጫፉ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ጠበብ ሊል ይችላል። ባለ 12 ቁጥሩ ጠመንጃ የውስጥ ስፋቱ በልማድ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩም የሚገኘው ከዚሁ ነው፤ ለቧንቧው ልክ የሆኑ 12 የእርሳስ ድቡልቡሎች አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ይመዝናሉ። ጥበቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ሙሉ ቾክ ይባላል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ ግማሽ ቾክ፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ከሆነ ሩብ ቾክ። የእርሳስ ፍሬዎቹ በባሩዱ ግፊት ተጨናንቀው ሲመጡ ይህች ጥበት ዳር ዳሩን የሚሄዱትን ወደ መሃል ትመራቸዋለች። አየር ላይ ሲወጡም ቶሎ አይለያዩም። በሌላ አነጋገር፣ ቾክ የጠመንጃውን ጉልበት አይጨምርም፤ ያለውን ፍሬ ሰብስቦ ወደ ሩቅ ያደርሳል እንጂ።

የልኩ መለኪያም በመላው ዓለም የታወቀ ነው። ከ36.5 ሜትር ርቀት በትልቅ ወረቀት ላይ ይተኮሳል። ፍሬዎቹ በብዛት ባረፉበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር 76 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይሰመራል፤ ከዚያ በክቡ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቾክ የሌለው ቧንቧ ከፍሬዎቹ 40 ከመቶ ያህሉን በክቡ ውስጥ ያሳርፋል። ሙሉ ቾክ ያለው 70 ከመቶ። 32 ግራም ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ ወደ 300 ፍሬ ቢሆን፣ ልዩነቱ የ120 እና የ210 ፍሬ ልዩነት ነው። ይህን ሁሉ የምትወስነው የአንድ ሚሊ ሜትር ጥበት ናት።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1866 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው የእንግሊዙ የኒውካስል ጠመንጃ ሠሪ ዊሊያም ፔፕ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ የኢሊኖይሱን ዳክዬ አዳኝ ፍሬድ ኪምብልን ያነሣሉ። ወደ ገበያ አውጥቶ ዓለምን ያሳመነው ግን የበርሚንግሃሙ ግሪነር ነው፤ በ1875 ለንደን ላይ በተደረገው የውድድር ተኩስ የቾክ ቧንቧዎች የቀድሞዎቹን በልጠው ታዩ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞችም በእንዲህ ዓይነት ቧንቧ ላይ ለድቡልቡል ጥይት አይሆንም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመቱ ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሰፊው ቧንቧ ልክ የቀለጠ አንድ ድቡልቡል እርሳስ ጫፉ ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣል።

ከቾክ በፊት የነበረውን ዘመን ደግሞ ጎጃም ራሷ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሲጓዝ የዳሞቱ ፋሲል ሰፈር ደረሰ። በሰፈሩ ላይ ሲያንዣብቡ ከነበሩ ጭልፊቶች ሁለቱን ፈረስ ላይ ሆኖ በባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃው አንዱን ከቀኝ፣ ሌላውን ከግራ እንደጣላቸውና ተመልካቹ እንደጮኸ በመጽሐፉ ጽፏል። የዚያ ዘመን ቧንቧ ሁሉ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ስፋት ያለው ነበርና፣ ብሩስ ወፎቹን የመረጠው እንዴት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል፤ ወደ እሱ ቀርበው የሚበሩትን ነው የጠበቀው። ከ98 ዓመት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ፊታውራሪ ገብርዬን ተከትለው ሲወርዱ ብዙዎቹ የያዙት እንዲሁ ልስልስ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነበር። ሰናድር በሩቅ ሲለቅማቸው የእነርሱ እርሳስ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ጀግንነት ሳያንስ ርቀት አሸነፈ።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው እየነገርኩ ስለ ወረቀቱ ተኩስ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ወረቀት አልነበረንም። በር ግን ነበረን።»

ተነሥተው በከዘራቸው እየመሩ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የእህል ቤቱ በር ከዋንዛ ሳንቃ የተሠራ ነው፤ ጢስና ዘመን አጥቁሮታል። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ሳንቃው ላይ የተበተኑ ትንንሽ ጉድጓዶች አየሁ። አንዳንዶቹ ውስጥ ግራጫ እርሳስ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። አባታቸው ጠመንጃውን ያመጡ ዕለት ከአጥሩ ጥግ ሆነው ሁለቱንም አፈሙዝ በዚህ በር ላይ ሞክረውታል፤ መጀመሪያ ቀኙን ከላይ፣ ከዚያ ግራውን ከታች። እናታቸው ሳያናግሯቸው የከረሙበት ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነበር።

ከአጥሩ እስከ በሩ ስረግጠው 20 ሜትር ገደማ ሆነ። ገመድ ለመንኩ፤ የልጅ ልጃቸው የላም ማሰሪያ አመጣልኝ። በከሰል እያሰመርኩ ለካሁ። የላይኞቹ ጉድጓዶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ተዘርግተዋል፤ የበሩ ወርድ ራሱ አልበቃቸውም፣ የተወሰኑት በቃኑ ላይ አርፈዋል። የታችኞቹ 45 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ጢም ብለው ተቀምጠዋል። መጻሕፍቱ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በ18 ሜትር ላይ ሙሉ ቾክ ፍሬውን 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቾክ የሌለው ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋዋል። እንግሊዝ አገር ባለሙያዎች በሰሌዳ ላይ የሚያደርጉትን ፈተና አንድ የእነማይ ገበሬ በገዛ እህል ቤቱ በር ላይ አድርጎታል። የእኔ ድርሻ ውጤቱን ማንበብ ብቻ ነበር። ከሰሉን እንደያዝኩ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ስስቅ ልጁ ለአያቱ በዓይኑ ጠየቀ፤ «ተወው፣ ደስ ብሎት ነው» አሉት።

ሽማግሌው ግን አልተደነቁም። «ግራው የሩቅ ነው፣ ቀኙ የቅርብ። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር። ጤፍ ሲዘራ አይተሃል? አንዱ እጁን ጨበጥ አድርጎ ይለቃል፣ አንዱ ዘርግቶ ይለቃል። ዘሩ ግን ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን ሁለቱንም ጨበጥ አላደረጉትም?» አለ ልጁ።

መልሱን ከእኔ ጠብቀው ነበር፤ እኔ ግን ከእሳቸው መስማት ፈለግሁ። ቆቅ ከእግር ሥር ስትነሣ በግራው ብትተኮስ ላባ እንጂ ሥጋ አይተርፍም፣ አሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ቢላ ሳይደርስባት፣ በስመ አብ ሳይባልባት የሞተች ወፍ በክርስቲያን ቤት አትበላም። አባታቸው በቀኙ የሚተኩሱት ጥቂት ፍሬ ብቻ አግኝቷት በሕይወት እንድትወድቅ ነበር። ከዚያ ልጆቹ ቢላ ይዘው ይሮጣሉ። ስለ ቾክ ብዙ አንብቤአለሁ፤ የአፈሙዝ ምርጫ ከእርድ ሥርዓት ጋር ሲያያዝ ግን የሰማሁት እዚያ ጓሮ ነው። አውሮፓዊው አዳኝ የተዘረጋውን ቧንቧ የሚመርጠው እንዳይስት ነው። የቢቸናው ገበሬ የመረጠው ወፏ ከመሞቷ በፊት ለመድረስ ነው።

ዛሬ ያ አደን የለም። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቆቅም እንደ ድሮው አትነሣም፣ ለእንዲህ ያለው ጠመንጃ የሚሆን ጥይትም ገበያ ላይ አይገኝም። ቢገኝም እንዳይሞክሩት ለመንኳቸው። የደማስቆ ቧንቧ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ ግፊት ሊፈነዳው ይችላል።

«መፈንዳቱንስ እናውቃለን» አሉ ሽማግሌው፤ «ወንድሙ ሞጣ ነው ያለው።»

የጠመንጃ ወንድም ማለታቸው ነበር። አባታቸው ሁለት ገዝተው አንዱን በጋብቻ ጊዜ ለሞጣ አማቾቻቸው ሰጥተዋል። እዚያ ቤት አንድ ሰው ከርከሮ ለማባረር ድቡልቡል እርሳስ አቅልጦ በግራው አፈሙዝ ከተተው። ሰውየው ተርፏል፤ ጠመንጃው ግን ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ አብጦ ተሰነጠቀ። ማኅተሙ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን በፈረንሳይኛ ነው ያስጠነቀቀው።

በማግሥቱ ወደ ሞጣ መኪና ያዝኩ። መንገዱ በደብረ ወርቅ ያልፋል፤ በስተምሥራቅ ወደ ዓባይ ገደል አቅጣጫ እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም አለች። ሞጣ ስትደርስ የሚቀበልህ የጊዮርጊስ ደብር ነው። የተከለችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናት፤ መቃብሯም እዚያው ነው። ብሩስ ጎንደር ሳለ ያወቃትና በመጽሐፉ ያነሣት ይህችው ወይዘሮ ናት። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ የግብርና ገቢ ግብርን እምቢ ብሎ ሲነሣ መንግሥት ጦር አዝምቶ ነበር፤ በኋላ ግን አገረ ገዢውን እስከ መሻር ደረሰ። በየቤቱ የነበረው ውጅግራና ምንሽር ያኔ ከቡልኮው ወጣ። የአደን ጠመንጃውን ግን ያን ጊዜም የጠየቀው አልነበረም።

የሞጣው አማች በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ አናጺ ናቸው። ከከተማው መሃል ወጣ ብሎ ባለው ሱቃቸው ውስጥ የበርና የመስኮት ፍሬም ተደርድሯል። የቢቸናውን ሰላምታ አድርሼ ስለ ጠመንጃው ስጠይቃቸው ሳቁ።

«እሱ እኮ ተገርዟል!»

ከቤት አስመጡት። ማኅተሙ ያው፣ የደማስቆው ጥለት ያው፤ ቧንቧዎቹ ግን ከጫፋቸው አንድ ስንዝር ያህል በመጋዝ ተቆርጠው ተሞርደዋል። ከተቆረጠ በኋላ አባታቸው ሞክረውት ነበር።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ይጮኻል እንጂ አይመታም። አርጅቶ ነው አሉ።»

«ጋሼ፣ ካሊፐር ይኖር ይሆን?»

ከጎረቤት ጋራዥ አስመጡልኝ። ቀኙን ለካሁት፤ 18.4። ግራውን ለካሁት፤ 18.4። ማኅተሙ ላይ 17.4 የሚለው ቁጥር አሁንም ተጽፎ አለ፤ ቁጥሩ የሚናገርለት ብረት ግን የለም። ጠመንጃው አላረጀም። ማጉረሻው ጥብቅ ነው፣ ቧንቧው ንጹሕ ነው፣ ቃታው ይመታል። ከጫፉ የሄደችው የአንድ ስንዝር ቁራጭ ብቻ ናት፤ ግራውን የሩቅ ያደረገችው ግን እሷ ነበረች። ይህን ሳስረዳቸው አናጺው ዝም ብለው አዳመጡና ድንገት ተነሥተው የመሣሪያ ሳጥናቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። አንድ ትልቅ መሮ አወጡ። እጀታው እንዳይሰነጠቅ አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት ገብቶለታል። ቀለበቱ ጥቁር ሆኖ ደቃቅ የተጠማዘዘ ጥለት ነበረው።

«የግራው ጫፍ ይህ ነው። አባቴ ብረት አይጥልም ነበር።»

በመዶሻ ቀስ አድርገው መትተው ቀለበቱን ከእንጨቱ አወጡልኝ። ካሊፐሩን በውስጡ ከፈትኩ፤ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። 17.4።

ከዓለም ጠመንጃ ሠሪዎችና አዳኞች መካከል ስንት ሰው ያችን ጥበት ለማግኘት ዕድሜውን እንደፈጀ አውቃለሁ። ፔፕ፣ ኪምብል፣ ግሪነር፣ ስማቸው ያልተመዘገበ የቬድር ሸለቆ አንጥረኞች። እንዲህ ለብቻዋ ተለይታ፣ መዳፍ ላይ ተቀምጣ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። በተሟላ ቧንቧ ውስጥ ሳለች በዓይን አትለይም፤ ብረቱ በሙሉ የሷን ሥራ የሚሠራ ይመስላል። ተቆርጣ ስትወጣ ግን ማን ምን ይሠራ እንደነበር ሒሳቡ ግልጽ ሆነ፤ ረጅሙ ቧንቧ ፍሬውን ይገፋል፣ ድምፁን ያወጣል፤ ወዴትና ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ የምትወስነው ይህች ቀለበት ናት።

ፉከራ የጠመንጃን ስም ያውቃል፤ የተኳሹን ስም፣ የግዳዩን ስም ያውቃል። በእነዚህ በሁለቱ ቤቶች ያየሁት ግን ጠመንጃ ከስሙ ይልቅ በተወው ምልክት የሚታወቅ መሆኑን ነው። የቢቸናው በር በሁለት ተኩስ ቀኙንና ግራውን ለይቶ መዝግቧል፤ የሞጣው ቀለበት የጎደለውን በሚሊ ሜትር ይናገራል። የአገራችን ቤተ መዘክሮች ለአድዋና ለአርበኞች ጠመንጃ ቦታ አላቸው፤ ይገባልም። ከዚያ ጎን ለእንዲህ ያለ በርና ለእንዲህ ያለ ቀለበት አንድ መደርደሪያ ቢኖር፣ ገበሬው መሣሪያውን እንዴት እንደመረመረ፣ እንዴት እንደመረጠ፣ የእርድ ሕጉን ሳይቀር እንዴት እንዳስገባበት ይታይ ነበር። ፉከራ የማይነግረን የአባቶቻችን ጥንቃቄ እዚያ ነው ያለው። ስለ አባቶቻችን ጀግንነት ብዙ ሰምተናል፤ ስለ ልካቸው ግን ገና አልጠየቅንም።

አናጺውን ቀለበቱን ለቢቸናው ዘመዳቸው ቢልኩት ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በሩ እዚያ ነው፣ ያልተቆረጠው ጠመንጃም እዚያ ነው፣ ሦስቱ አንድ ቦታ ቢሆኑ ታሪኩ ይሟላል።

ካሊፐሩን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ቀለበቱን እንደገና ለኩት። ከዚያ የቧንቧውን። ቁጥሮቹን በአናጺ እርሳስ ሳንቃ ላይ ጽፈው ቀነሱ።

«አንድ ሚሊ» አሉ። «እኔ በር ስገጥም አንድ ሚሊ ብስት ደንበኛው አይቀበለኝም። ለጠመንጃ ደግሞ ይህን ያህል መሆኑን ማን ነገረን?»

«ማኅተሙ ይናገር ነበር።»

«በሰው ቋንቋ ነዋ!» አሉና ቀለበቱን ከኪሳቸው ጨመሩት። «ለፋሲካ ቢቸና እሄዳለሁ፤ እኔው አደርሰዋለሁ። እስከዚያ ግን ለመሮው ሌላ ቀለበት ፈልግልኝ።»